እጅ ሲደነዝዝ፦ ከአንገት ነው ወይስ ከእጅ አንጓ?

ጥያቄ፦ «የ44 ዓመት ሴት ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ እሠራለሁ። ቀኝ እጄ መደንዘዝ ከጀመረ አራት ወር አልፎታል። ሌሊት እየቀሰቀሰኝ ተነሥቼ እቀመጣለሁ። ቀን ደግሞ ስልክ ይዤ ሳወራ ይብስብኛል። አንገቴን ከድሮም ያመኛል። ኤምአርአይ ተነሥቼ በአምስተኛውና በስድስተኛው የአንገት አጥንት መካከል ያለው ዲስክ ወጣ ብሎ ነርቭ ተጭኗል ተባልኩ፤ ስድስት ሳምንት የአንገት ማሰሪያ አደረግሁ፤ ለውጥ የለውም። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ‹የእኔም እንዲህ ነበር፤ ከእጅ አንጓ ነው› ትለኛለች። ማንን ልመን? የትኛው ጣት ነው የሚደነዝዘው ብለው ሲጠይቁኝ የምመልሰው ‹ሁሉም› ብዬ ነው።»

ምላሽ፦

ሩቅ ሆኜ፣ እጅዎን ሳልይዝ፣ «ይህ ነው» ብዬ መፍረድ አልችልም። ተወራረድ ብባል ግን ከባልደረባዎ ጎን እቆም ነበር። ለምን እንደሆነ ላስረዳዎ፤ እግረ መንገዴንም ቤትዎ ተቀምጠው ራስዎ ሊፈትሹት የሚችሉትን አሳይዎታለሁ።

ከጻፉልኝ ሁሉ ከኤምአርአዩ ውጤት በላይ የሚናገሩት ሁለቱ አጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሌሊት ይቀሰቅሰኛል፣ ስልክ ስይዝ ይብሳል። ያልጻፉት ደግሞ አለ። ተነሥተው ሲቀመጡ እጅዎን ምን ያደርጉታል? ነርቡ አንጓው ላይ የተጨመቀበት ሰው ሌሊት ሲነቃ እጁን ከአልጋው ጠርዝ ወደ ታች አንጠልጥሎ፣ ታጥቦ ፎጣ እንዳጣ ሰው ያራግፈዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለቀዋል፤ ተመልሶ ይተኛል። ምርመራ ክፍሌ ገብቶ ችግሩን እየነገረኝ ሳያስበው እጁን የሚያራግፍ ሰው ሳይ ካርዱን ሳልከፍት ዓይኔ ወደ አንጓው ይሄዳል። የአንገት ነርቭ በማራገፍ አይለቅም።

በእጅ አንጓ ውስጥ ካርፓል ተነል የሚባል ጠባብ መተላለፊያ አለ። ወለሉና ግድግዳው ስምንት ትናንሽ አጥንቶች ናቸው፤ ጣሪያው ደግሞ እምብዛም የማይለጠጥ ወፍራም ማሰሪያ ነው። በውስጡ ጣቶቻችንን የሚያጥፉ ዘጠኝ ጅማቶች ያልፋሉ፤ አሥረኛው ሚዲያን የተባለው ነርቭ ነው። ከአሥሩ ለስላሳው እሱ ስለሆነ ቦታ ሲጠብ የሚጎዳውም እሱ ነው። በጤነኛ ሰው አንጓው ቀጥ ብሎ ሲያርፍ በዚህ መተላለፊያ ውስጥ ያለው ግፊት ከ10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አይበልጥም። ወደ 30 ሲጠጋ ነርቡን የሚመግቡት ጥቃቅን የደም ሥሮች መታፈን ይጀምራሉ። በታመመ እጅ ላይ አንጓው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ወይም ወደ ኋላ ሲቀለበስ ደግሞ ግፊቱ ከ90 በላይ ሊወጣ ይችላል። አብዛኞቻችን ስንተኛ አንጓችንን አጥፈን አገጫችን ሥር ወይም ትራሱ ሥር እንወትፈዋለን። ጋደም ስንልም ቀን ወደ እግር የወረደው ፈሳሽ በሰውነታችን ላይ ይከፋፈላል፤ ያችው ጠባብ ቦታ ይበልጥ ትጠብባለች። ስልክ ጆሮ ላይ ሲያዝ፣ መጽሐፍ ከፍ ተደርጎ ሲነበብ፣ የመኪና መሪ ላይ እጅ ሲቆይም ነገሩ ያው ነው።

«ሁሉም ጣት» ያሉትን ግን አልቀበልዎትም፤ አይቀየሙኝ። ወደ እኔ ከሚመጡት አብዛኞቹ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ በእንቅልፍ ልቡ ጣት የሚቆጥር ሰው የለምና። አንዲት ታካሚዬ ሦስት ጊዜ ጠይቄያት ሦስት የተለያየ መልስ ሰጠችኝ። አራተኛ ከመጠየቅ ብዬ ብዕር ከትራስሽ ሥር አኑሪ፤ ሲቀሰቅስሽ የደነዘዘውን ጣት ጫፍ በቀለም ንኪ፣ ያልደነዘዘውን ተይው፣ ከዚያ ተኚ አልኳት። በሳምንቱ መዳፏን ዘርግታ መጣች። አውራ ጣት፣ አመልካች ጣትና መሐል ጣት ላይ ደማቅ ሰማያዊ ነጥብ አለ። ትንሿ ጣት ንጹሕ ናት። የቀለበት ጣት ላይ ነጥቡ ያረፈው በመሐል ጣት በኩል ባለው ጎን ብቻ ነው። «እዚህ ላይ እንቅልፍ አዳልጦኝ መሰለኝ፣ ወደ ጎን ሄደብኝ» ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። አላዳለጣትም። በሕክምና ትምህርት ቤት ለፈተና የሚሸመደደውን ድንበር ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጨለማ፣ አንዲት ሚሊ ሜትር ሳታዛንፍ አስምራዋለች።

የቀለበት ጣት በሁለት ነርቮች የተከፈለች ናት። ወደ መሐል ጣት ያለው ጎኗ የሚዲያን ነው፤ ወደ ትንሿ ጣት ያለው ጎኗ፣ ትንሿም ጣት ራሷ፣ የሌላ ነርቭ ናቸው፤ አልናር ይባላል። ከሰው ሰው ጥቂት ልዩነት ቢኖርም ደንቡ ይህ ነው። ይህ ድንበር የሚገኘው ነርቮቹ ክንድና እጅ ውስጥ ከገቡ በኋላ ብቻ ነው። ከአንገት የሚወጣ ነርቭ አንዲትን ጣት ከመሐል ለሁለት አይሰነጥቅም፤ ሲደነዝዝ ጣቷን በሙሉ ነው የሚወስዳት። ስለዚህ ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አጥብቀው ይጠቅልሉና በሾለው ጫፉ የቀለበት ጣትዎን ግራና ቀኝ ጎን ዓይንዎን ጨፍነው እያፈራረቁ ይንኩ። አንዱ ጎን ጥርት ብሎ ሌላው እንደ ጓንት ላይ የተነካ ያህል ከደበዘዘ ጥርጣሬው በአመዛኙ ከአንገት ወርዷል ማለት ነው።

በዚያው ወረቀት የመዳፍዎን ሥጋማ ክፍል፣ ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ጉብታ፣ ይንኩ። የዚያን ቆዳ ስሜት የሚያደርሰው የሚዲያን ቅርንጫፍ ወደ መተላለፊያው ሳይገባ ቀድሞ ተለይቶ ከጣሪያው በላይ ያልፋል። ስለዚህ አንጓ ላይ በታነቀ ነርቭ ጣቶቹ ደንዝዘው ጉብታው ደኅና ይሆናል። ጉብታውም አብሮ ከደነዘዘ ችግሩ ከአንጓው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው፤ ክንድ ላይ ወይም አንገት ላይ።

የአንገቱን ነገር ሐኪምዎ ከመሬት ተነሥተው አላመጡትም። የአንገት አጥንቶች ሰባት ሲሆኑ ከአንገት የሚወጡት ነርቮች ስምንት ጥንድ ናቸው (ይህ አለመመጣጠን ተማሪ ሁሉ የሚሰናከልበት ነው)። ስድስተኛው ነርቭ የሚወጣው በአምስተኛውና በስድስተኛው አጥንት መካከል ነው፤ የእርስዎ ዲስክ ወጣ ያለበት ቦታ ማለት ነው። ስድስተኛው ነርቭ ደግሞ ስሜት የሚሰጠው ለአውራ ጣትና ለአመልካች ጣት ነው። ሚዲያንም እነዚሁን ጣቶች ይዟል። ሁለቱ የሚምታቱት እዚህ ላይ ነው፤ ጎበዝ ሐኪምም ይሳሳታል።

የአንገቱ ነርቭ ግን የራሱ ጠባይ አለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሕመም ነው፤ በአንገት ጎን፣ ከዚያም በትከሻ አጥንትና በአከርካሪ መካከል፣ እንደ ጥርስ ሕመም ጠልቆ የሚያኝክ። ከዚያ ክንድ ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። መደንዘዙ ይከተላል፤ ሲመጣም ጣት ላይ ብቻ አይቆምም፤ ስድስተኛው ከሆነ በአውራ ጣት በኩል ባለው የክንድ ጎን ሽቅብ ይወጣል። ከሁሉም በላይ ጭንቅላትን ይታዘዛል። ከፍ ካለ መደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲሉ፣ ወደ ታመመው ጎን አንገት ሲያዘነብሉ፣ አንዳንዴም ሲያስሉ ወይም ሲያስነጥሱ ይብሳል። ብዙዎቹ የሚያርፉበትን አቀማመጥ ማንም ሳይነግራቸው ያገኙታል፤ የታመመውን እጅ አናት ላይ መጫን። ያየ ሰው መርዶ የሰሙ ይመስለዋል፤ እነሱ ግን ነርቡን እያላሉት ነው። ተጠባባቂዎች ወንበር ላይ እንዲህ የተቀመጠ ሰው ካየሁ አንገቱን ነው የምመረምረው። የእጅ አንጓ ሕመም ያለበት ሰው እጁን እዚያ ቢሰቅለው እንዲያውም ሊብስበት ይችላል።

እርስዎ አንገትዎን «ከድሮም» ያምዎታል፤ መደንዘዙ ግን የአራት ወር ነው። አንገትዎን ሲያዞሩ እጅዎ ይለወጣል ብለውም አልጻፉም። የአንገት ሕመም በጣም የተለመደ ነገር ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ለሚውል ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ። ሁለት ሕመሞች አንድ ሰው ላይ ስለተገናኙ ብቻ አንዱ የሌላው ልጅ ነው አይባልም። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ከአንጓ የሚነሣ ሕመም ሽቅብ ወጥቶ ክርን፣ አልፎም ትከሻ ድረስ ሊያም ይችላል። መደንዘዙ ግን ጣት ላይ ይቀራል። ስለዚህ የት እንደሚያምዎ ሳይሆን የት እንደሚደነዝዝዎ ነው መከተል ያለብዎ።

ጉልበትም ይመሰክራል። እጅዎን መዳፉን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛ ላይ ያስተኙ። አውራ ጣትዎን ቀጥ አድርገው ወደ ጣሪያ ያንሡ፤ በሌላው እጅ አመልካች ጣት ወደ መዳፉ ሊጫኑት ይሞክሩና ይከላከሉ። ከዚያ ግራውን ያወዳድሩ። ቀኙ ቶሎ ከተሸነፈ ሚዲያን አንጓው ላይ ጉልበቱን እያጣ ነው። ሁለቱን እጅዎን ጎን ለጎን አድርገውም ከአውራ ጣት ሥር ያለውን ጉብታ ይመልከቱ፤ አንዱ ጎድጎድ ካለ ቀጠሮ አያራዝሙ። ስድስተኛው የአንገት ነርቭ ሲጎዳ የሚደክመው ሌላ ነው፤ ክርንን ማጠፍና የእጅ አንጓን ወደ ላይ ማንሣት። ሰባተኛው ሲሆን ክርንን መዘርጋት ነው የሚደክመው፤ ከወንበር በእጅ ተደግፎ መነሣት ያቅታል፤ መደንዘዙም መሐል ጣት ላይ ያርፋል። ከአንገት ነርቮች በብዛት የሚጎዳው ይህ ሰባተኛው ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በብዕር ሲያስምሩ ከሁሉም ይበልጥ የሚደነዝዝዎ መሐል ጣት ሆኖ ከተገኘ የእርስዎ ዲስክ የተጫነው ነርቭ እንኳ በደንብ አይገጥምም።

ቤት ውስጥ የሚደረጉ የአንጓ ፈተናዎች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ክርኖችዎን ጠረጴዛ ላይ ተክለው፣ ክንድዎን ሽቅብ አቁመው፣ እጆችዎ በራሳቸው ክብደት ወደ ውስጥ እንዲታጠፉ መተውና 60 ሰከንድ መቁጠር ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ የተለመደው መደንዘዝ በተለመዱት ጣቶች ላይ ከመጣ ተይዟል። አንጓዬን ትንሽ አመመኝ ማለት ግን አይቆጠርም። ሁለተኛው፣ እኔ ይበልጥ የምተማመንበት፣ ከአንጓው መስመር ትንሽ አልፎ በመዳፍ ሥር መሐል ላይ በሌላው አውራ ጣት ለ30 ሰከንድ መጫን ነው። ሦስተኛው በጣት እዚያው ላይ መታ መታ ማድረግ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚያውቀው እሱን ነው፤ ከሦስቱ ደካማውም እሱ ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም ቲኔል በ1915 ሲጽፈው በጦርነት የተቆረጠ ነርቭ እንደገና እያደገ መሆኑን ለማወቂያ ነበር እንጂ ለዚህ አልነበረም።

የአንገቱን ፈተና፣ ማለትም ጭንቅላትን ወደ ኋላና ወደ ጎን አዘንብሎ ከላይ መጫኑን፣ ለሐኪምዎ ይተዉት። ባልዎም ሆነ ልጅዎ ጭንቅላትዎን እንዳይጫኑ። ራስዎ ቀስ ብለው ቀና ብለው ወደ ቀኝ ቢያዘነብሉና ጥቂት ሰከንድ ቢቆዩ ይበቃል፤ እጅዎ ላይ ምንም ካልመጣ እሱም መልስ ነው።

አሁን ስለ ኤምአርአዩ። ሽበት ያለው ሰው ራሱን ቢያመው ሽበቱ ነው ያመመው አንልም። የአንገት ዲስክም እንደዚሁ ነው። በ2015 የታተመ የጃፓን ጥናት ምንም ሕመም የሌላቸውን 1,211 ሰዎች አንገት በኤምአርአይ አይቶ ከ100 ወደ 88 በሚጠጉት ላይ ወጣ ያለ ዲስክ አግኝቷል። ከነዚህ ውስጥ ገና በ20ዎቹ ዕድሜ ያሉ ወጣቶችም አሉ። ታዲያ በ44 ዓመትዎ ባይገኝብዎ ነበር የሚገርመኝ። ኤምአርአይ የሚጠቅመው ምልክቱና ምርመራው አስቀድመው «እዚህ ቦታ ነው» ካሉ በኋላ ያንን ለማረጋገጥ ነው። መጀመሪያ ተነሥቶ ከዚያ ምልክቱን ወደ ፎቶው መጎተት ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የእርስዎ ስድስት ሳምንትም የባከነው በዚህ ይመስለኛል።

እርስዎ ጋር የጎደለው ምርመራ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ ነው። ጣት ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይሰጥና አንጓውን ለመሻገር የወሰደበት ጊዜ ይለካል። ሚዲያን አንጓ ላይ ከተጨመቀ መልእክቱ እዚያች ቦታ ላይ ይዘገያል፤ እዚያው እጅ ላይ ያለው አልናር ግን በሰዓቱ ይደርሳል። ይህን ምርመራ የምወድበት ምክንያት ሌላ ነው። የስሜት ነርቭ ሕዋስ እናቲቱ የምትቀመጠው ከአከርካሪው ቦይ ወጣ ብላ፣ ነርቡ በሚወጣበት ቀዳዳ አጠገብ ነው። ዲስክ ነርቡን ሲጫን አብዛኛውን ጊዜ የሚጫነው ከእሷ ወደ ሕብለ ሰረሰር ባለው በኩል ነው። ከእሷ ወደ ጣት የወረደው ረጅሙ ክር አልተነካም፤ ይኖራል። ስለዚህ በአንገት ችግር ጣቱ ደንዝዞ መሣሪያው «የጣቱ ስሜት ደኅና ነው» ይላል። ታካሚዎች ይህን ሲሰሙ አላመኑኝም ብለው ይናደዳሉ፤ ለእኔ ግን «ወደ አንገት ሂድ» የሚል ምልክት ነው። አብሮ የሚደረገው የጡንቻ መርፌ ምርመራ የአንገቱን ነርቭ ይይዛል፤ ሕመሙ ከጀመረ ሦስት ሳምንት ያህል ሳይሞላው ከተሠራ ግን ገና ምንም ላያሳይ ይችላል። እርስዎ አራት ወር ሆኖዎታልና በዚህ በኩል አያስቡ። አንድ ጥንቃቄ፤ ገና በጀመረ ቀላል የአንጓ ሕመም ይህ ምርመራ ደኅና ሊወጣ ይችላል፤ ሌሊት የሚነግርዎትን እጅ በወረቀት ምክንያት አይካዱት።

ሁለቱም ቢሆንስ? ይሆናል። አፕተንና ማክኮማስ የተባሉ ሐኪሞች በ1973 አንገት ላይ የተጫነ ነርቭ ታች አንጓ ላይ በቀላሉ ይጎዳል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር። እንዴት እንደሚሆን እስከ ዛሬ ክርክሩ አላለቀም፤ ሁለቱ አንድ ሰው ላይ መገናኘታቸው ግን የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን እኔ ከአንጓው እጀምራለሁ፤ ሕክምናው ቀላል ነው፣ መልሱም ቶሎ ይታወቃል።

ክርንንም መርሳት የለብንም። በብዕርዎ ያስመሩት ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ወደ ትንሿ ያለውን ጎን ከሆነ አንጓም አይደለም፣ የእርስዎ ዲስክም አይደለም። አልናር ከክርን ጀርባ፣ ጠርዝ ላይ ሲመታ እጅን የሚነዝረው ቦታ ላይ፣ ታንቆ ይሆናል፤ ክርንን አጥፎ መተኛት ያብሰዋል። ስምንተኛው የአንገት ነርቭም እነዚህኑ ጣቶች ይይዛል፤ ነገር ግን እሱ በትንሿ ጣት በኩል ያለውን የክንድ ጎንም ጭምር ያደነዝዛል፤ የአልናር መደንዘዝ ግን ከአንጓ በላይ አይወጣም።

እስካሁን ያወራሁት ጊዜ ስለሚሰጡ ነገሮች ነው። ጊዜ የማይሰጠውን ደግሞ በራሴ ጥፋት ልንገርዎ። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ሁለት እጄ ይደነዝዛል ብለው መጡ። የነርቭ ምርመራው አንጓ ላይ ጥቂት መዘግየት አሳየ፤ ደስ ብሎኝ ማሰሪያ ሰጥቼ ላክኋቸው። ደረጃ ስወርድ መደገፊያውን ካልያዝኩ አልችልም ብለውኝ ነበር፤ ዕድሜ ነው ብዬ አለፍኩት። በሁለት ወራቸው ግድግዳ እየዳሰሱ ገቡ፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸው ነበር። የተጨመቀው ነርቭ ሳይሆን አንገት ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰር ራሱ ነበር። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ እግራቸው ግን እንደ ድሮው አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ እጄ ደነዘዘ ያለኝን ሁሉ ኮሪደሩ ላይ ሳላስኬድ አልሸኝም።

እርስዎም ይሞክሩት። ተረከዝዎን ከጣትዎ እያገናኙ በቀጥታ መስመር ላይ ይራመዱ። በ10 ሰከንድ ውስጥ ጭብጥዎን ስንት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከፍተው መዝጋት እንደሚችሉ ይቁጠሩ፤ ጤነኛ ሰው 20 ጊዜ ይሞላል። አንገትዎን ወደ ደረትዎ ሲያጎነብሱ በጀርባዎ ቁልቁል የሚወርድ ንዝረት ካለ፣ ሁለት እጅዎ ቅልጥፍና ካጣ፣ እግርዎ ከከበደ ወይም ሽንትዎን መቆጣጠር ካስቸገረዎ ቀጠሮ አይጠብቁ። በደቂቃዎች ውስጥ ድንገት የመጣ መደንዘዝ፣ በተለይ ፊት ከተጣመመ ወይም ንግግር ከተንተባተበ፣ የአንጎል የደም ሥር ችግር ሊሆን ስለሚችል በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከደረት ጭነትና ከላብ ጋር የመጣ የክንድ ሕመምም እንደዚያው። ክብደት መቀነስና ሌሊት የማያስተኛ የትከሻ ሕመም ካለ፣ በተለይ በዚያው በኩል የዓይን ሽፋን ዝቅ ካለ፣ ሳንባም መታየት አለበት። መደንዘዙ ከእጅ በፊት እግር ላይ ከጀመረ ደግሞ አንገትንም አንጓንም ትቶ ስኳርንና ቫይታሚን ቢ12ን ማስመርመር ይሻላል።

ከነዚህ አንዱም ከሌለብዎ ዛሬ የሚጀምሩት ነገር ሌሊት አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ማሰሪያ ነው፤ ለስድስት ሳምንት፣ በየሌሊቱ። የሚሸጡት ማሰሪያዎች ብዙዎቹ በመዳፍ በኩል ያለው ብረት አንጓውን ወደ ኋላ እንዲቀለብስ ተደርጎ የታጠፈ ነው፤ ይህ ደግሞ ያንኑ ግፊት ይጨምራል። ብረቱን ከኪሱ ያውጡት፣ ጠረጴዛ ላይ ተጭነው ያቃኑት፣ መልሰው ያስገቡት። ጣቶችዎ እንደ ልብ ይታጠፉ፤ ቢበዛ ሌላው እጅ ጣት ሊገባ እስኪችል ድረስ ይላላ። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ሌሊቱ ከቀለለልዎ ሕክምና ብቻ ሳይሆን ምርመራም አድርገዋል፤ አንጓ ላይ የታሰረ ነገር የአንገትን ነርቭ አያሽልምና። ካልበቃ አንጓው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ አለ፤ እሱም እንዲሁ በመልሱ ይመሰክራል። መደንዘዙ ቀንም ሌሊትም የማይለቅ ከሆነ ወይም ጉብታው እየከሳ ከመጣ ግን መርፌ እየደጋገሙ መቆየት ነርቡን ማስጨረስ ነው፤ ጣሪያውን የሚከፍተው ቀዶ ሕክምና አጭር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የሚሠራው እጅን ብቻ በማደንዘዝ ነው።

ደምዎን ሲያስመረምሩ ስኳርና የታይሮይድ ዕጢ ይታይልዎ፤ ሁለቱም ይህን መተላለፊያ ያጠብቡታል። እርግዝናም እንዲሁ፤ እሱ ግን ከወሊድ በኋላ በአብዛኛው ይለቃል። ኮምፒውተሩን አጥብቀው አይክሰሱት፤ ከመተየብ ይልቅ የሚንቀጠቀጥ መሣሪያ መያዝና በኃይል እየደጋገሙ መጨበጥ የበለጠ የተመሰከረባቸው ናቸው። «ለነርቭ» ተብለው የሚሰጡ የቫይታሚን ቢ6 እንክብሎችንም ሰው እየነገረዎ አይዋጡ፤ ለዚህ ሕመም አይረዱም፣ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲወሰዱ ደግሞ ራሳቸው ነርቭ ያደነዝዛሉ።

የአንገት ማሰሪያውን በተመለከተ፣ ስድስት ሳምንት ካልረዳ ሰባተኛው አይረዳም፤ ጡንቻውን ነው የሚያሰንፈው። ያዘዙልዎትን ሐኪም አነጋግረው ይተዉት። ከአንገት የሚነሣ መደንዘዝ ቢሆን እንኳ አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ውስጥ ያለ ቀዶ ሕክምና ይሻላል።

ብዕሩን ዛሬ ማታ ከትራስዎ ሥር ያኑሩ። ለአንድ ሳምንት በየጠዋቱ መዳፍዎን በስልክዎ ፎቶ ያንሡና ለሐኪምዎ ያሳዩ፤ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ከዚያ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። ነጥቡን ትንሿ ጣትዎ ላይ ካገኙት ግን ከላይ የጻፍኩትን ግማሹን ይሰርዙና ክርንዎን ያስመርምሩ።